ሚስተር ዴንቢ አባቴን ሊገድል የመጣበት በጋ

ባለፈው መጸው አንድ ፕሮፌሰር ከዙሪክ መጥተው በመንደራችን ትልቁ ሆቴል አዳራሽ ስለ ሚስተር ዴንቢ መጽሐፍ ንግግር አደረጉ። ርእሱ «የተሰወሩ ምልክቶችና የእውነተኛ ሕይወት መነሻዎች» ይላል። ሆርንማት ውስጥ ያንን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው የለም፤ ሰላዮች ከገደል ገደል እየተንጠላጠሉ የሚገዳደሉበት ታሪክ ነው፤ ገደሉም የኛው ነው። እኔ ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀመጥኩ።

ፕሮፌሰሩ ደስ የሚል ድምፅ አላቸው። በመጽሐፉ የሰላዮቹ ገመድ መሃል ላይ የተሰፋው ቀይ ክር ዓለምን ለሁለት የከፈለው የዚያ ዘመን ፖለቲካ ነው አሉ። ገመዱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው መግማቱ ደግሞ ከውስጥ የበሰበሰችው አውሮፓ ናት። ገመዱን የምታበላሸው፣ የፀጉር ካፖርት የምትደርበው መለሎዋ የሃንጋሪ ሰላይስ? እሷ ሞት ራሷ ናት፤ በሴት አምሳል የመጣች።

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ሞት ራሷ እኔ ነበርኩ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ጉንጉን አለኝ፤ ጉልበቴ በየቀኑ ይላላጣል። አውሮፓም አልበሰበሰችም። የገማው የኛ ላሞች እበት ነው።

ሚስተር ዴንቢ የመጣው ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት፣ በከሰዓቱ አውቶቡስ ነው። ቤታችን ከመንደሩ ከፍ ብሎ፣ የቁራ ገደል ከሚባለው የድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት ነበር፤ በበጋ ላይኛዎቹን ክፍሎች እንግዳ ያርፍባቸዋል። እንግዳው ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ እንግሊዛዊ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ይዟል። በረታችንን አልፎ ደጃፍ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ ላም ይፈራል።

«ይሄ ይናከሳል?» አለ ወደ ላማችን ፍሌኪ እያሳየ።

«እሷ ናት። አትናከስም» አልኩት።

«እሷ አይናከስም። ጥሩ ሰውዬ ነው» አለና በግድግዳው ጥግ እየታከከ አለፈ።

ቋንቋችንን የሚናገረው እንደዚህ ነበር፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት እያደረገ። አባቴን በየጠዋቱ «ደህና አደርሽ ክሪስተን» ይለዋል። እኔ ላርመው ስል አባቴ ይከለክለኛል። «ተይው ግሪትሊ» ይላል፤ «እዚህ አገር ደህና አደርክ የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።» እኔም ቀልዱ ነው ብዬ እስቃለሁ።

ቀልዱ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው።

በዚያ ዘመን መምህራችን ስለ ሰላዮች አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። ሰላይ ጥያቄ ያበዛል፤ በመነጽር ሩቅ ያያል፤ የቦታ ካርታ ይሥላል። ሚስተር ዴንቢ ሦስቱንም በመጀመሪያው ቀን፣ ያውም ከእራት በፊት ፈጸማቸው። ሰገነት ላይ ወጥቶ ገደሉን በመነጽር ያያል፤ ካርታውን ይሥላል፤ ከዚያ ወርዶ እናቴን ይጠይቃል። ያቺ ጥቁር መስመር ምንድን ናት? ያ ጠርዝ ሁለት ሰው ይችላል? ከዚያ የወደቀ ሰው የት ይገኛል?

«አይገኝም» አለችው እናቴ። «ከሥሩ የበረዶው ስንጥቅ አለ። ወንድሜ ጎዲ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።»

አጎቴ ጎዲን እኔ የማውቀው በእናቴ እናት በአያቴ ኦቲሊ ቤት ምድጃ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ነው፤ ባርኔጣውን አጋድሎ፣ ለሳቅ ትንሽ ሲቀረው። ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ ብለውኛል፤ ያኔ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴም በወጣትነቱ እንግዶችን ተራራ የሚያወጣ የተራራ መሪ ነበር፤ ጉልበቱን ስላመመው ተወው፣ አሁን ላሞቹን ብቻ ይጠብቃል ብለውኛል። አያቴ ኦቲሊ እኛ ቤት የማትመጣው ዳገቱ ስለሚያደክማት ነው ብለውኛል። ሦስቱንም አመንኩ። አባቴ በዚያ በታመመ ጉልበቱ የአንድ ሰው ሸክም ሣር ተሸክሞ ዳገቱን ሲሮጥ በየቀኑ እያየሁ አመንኩ። አያቴ በዚያው ዳገት ላይ እንጉዳይ ስትለቅም እያየሁም አመንኩ።

ሚስተር ዴንቢ ሰላይ መሆኑ አላስፈራኝም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ልጅ ቤት ሰላይ አላረፈም። ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

እናቴ ከክረምት ያተረፈችው የደረቀ ፖም ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ጓዳ በጆንያ ተሰቅሎ ነበር። መንካት ክልክል ነው። እኔ ጓዳዋ ውስጥ፣ ከድንች ቅርጫቱ ኋላ ተጎልቼ አፌን ሞልቼ ሳኝክ ሚስተር ዴንቢ ወጥ ቤት ገባ። እናቴ ድንች ትልጣለች። የቢላዋው ድምፅ ይሰማኛል።

«ወይዘሮ ሮዚ፣ እኔ ቆርጫለሁ» አለ። «ያ ሰውዬ መሞት አለበት።»

ቢላዋው ቆመ።

«ለምን? ምን አደረገ?» አለች እናቴ።

«ገመድ ቆርጧል። ጓደኛውን ጥሏል። እንዲህ ያለ ሰው በደህና ወደ ቤቱ ከገባ ማን ያምነኛል?»

«መቁረጡን በምን አወቁ?»

«ፖስታ ቤት ይላሉ። ዳቦ ቤት ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይላሉ። አንቺስ ምን ትላለህ?»

እናቴ ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። እኔም ማኘክ አቆምኩ።

«እኔ ጠይቄው አላውቅም» አለች በመጨረሻ።

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ ዓመት። ሳልጠይቀው አጠገቡ ተኛሁ፣ ሳልጠይቀው ልጁን አሳደግሁ።»

«እንግዲህ ሐሙስ እገድለዋለሁ» አለ ሚስተር ዴንቢ፤ ድምፁ ግን የሚያባብል ነበር። «ጠዋት። እዚያ ጠርዝ ላይ። በጣም ቆንጆ ይሆናል።»

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «አድርጎት ከሆነ ይሙት» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

አዎ፣ ካስፓር ስለሚባል ሰው ነበር የሚያወሩት። ካስፓር የሚኖረው በሚስተር ዴንቢ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ከባዕድ መንግሥት ጋር የተመሳጠረ የተራራ መሪ ነው፤ ፊቱንና እጆቹን ግን ከአባቴ ነው የወሰደለት። ሐሙስ ማለትም ያንን ምዕራፍ ሊጽፍ ያሰበበት ቀን ነው። ስሙን አንዴ እንኳ ጠርተውት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ጠርተውታል፤ የደረቀ ፖም ሲታኘክ ጆሮ ይደፍናል።

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አባቴና ሚስተር ዴንቢ ሐሙስ ጠዋት ወደዚያው ጠርዝ ለመውጣት ተቀጣጥረው ነበር። እንግሊዛዊው ሊገድለው ነው። እናቴም ይሁን ብላለች።

ረቡዕን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ለማን ልናገር? ለአባቴ ብነግረው በእናቴ ላይ ማሳበቄ ነው። ለእናቴ ብነግራት ራሷ አለችበት። ከሰዓት በኋላ አባቴ በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን ስብ ሲቀባ አጠገቡ ሄድኩ። እያፏጨ ነበር። አባቴ ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ ሚስተር ዴንቢን አትፈራውም?»

«እኔ? እሱ ነው እንጂ ፍሌኪን የሚፈራው!»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?» አለና እንደ ማሰብ ብሎ «እ… ተሽሎኛል» አለኝ። «ስሚ ግሪትሊ፤ ከእኔ ጋር በአንድ ገመድ ልታሰር ያለኝ ሰው ከመጣ ስንት ዘመኑ! እንኳን ሚስተር ዴንቢ፣ ፍሌኪ ራሷ ብትጠይቀኝ እወጣለሁ።»

ገመዱን በሥርዓት ጠቅልሎ በበረቱ በር ኩላብ ላይ ሰቀለው። እኔም ያን ጊዜ ወሰንኩ። ያለ ገመድ ተራራ አይወጣም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ላሞቹን ሲያልብ፣ እናቴ እሳቱን ስታያይዝ፣ ገመዱን ከኩላቡ አወረድኩት። ከባድ ነው። እየጎተትኩ ከበረቱ ጀርባ ወሰድኩት። እዚያ የእበቱ ጉድጓድ አለ፤ የላሞቹ እበትና ሽንት ሁሉ የሚጠራቀምበት፣ በላዩ ዝንብ የሚጨፍርበት። ገመዱን ጣልኩበት። አልሰጥም አለኝ። በመንሽ እየተጫንኩ፣ አፍንጫዬን በክንዴ ይዤ፣ ዋጥ እስኪል ድረስ ገፋሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ እንደ ጨዋ ልጅ ቁርስ ቀረብኩ።

ሚስተር ዴንቢ አዲስ ጫማውን አድርጎ፣ ሹራቡን ደርቦ፣ አንድ ቁራሽ አይብ ኪሱ ከትቶ ጨርሷል። አባቴ ከበረት ገባ።

«ገመዱን ያየ አለ?» አለ።

ማንም አላየም።

«ትናንት ኩላቡ ላይ ሰቅዬው ነበር።»

«ሌባ?» አለ ሚስተር ዴንቢ ዐይኑን አፍጥጦ።

«ሆርንማት ውስጥ ገመድ የሚሰርቅ የለም። ሁሉም ቤት አለ።»

«እንግዲያው እንዋሳለን!»

«ለእኔ ገመድ የሚያውስ የለም» አለ አባቴ። እንደ ቅሬታ አይደለም የተናገረው፤ ዛሬ ደመና ነው እንደሚል ሰው ነው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ፊቱን አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አላለኝም።

እናቴ ምድጃው ላይ እንደተደገፈች «ሌላ ገመድ አለ» አለች።

«የለም።»

«አለ ክሪስተን። ሳጥኑ ውስጥ።»

መኝታ ቤታቸው፣ አልጋው ሥር፣ ቁልፉ ከአባቴ የኪስ ሰዓት ጋር የታሰረ የእንጨት ሳጥን ነበር። የውትድርና ዕቃ ነው ብለውኛል። ይህንንም አምኜ ነበር።

«ያ ገመድ ሰው አይታሰርበትም» አለ አባቴ።

«እንድትታሰርበት አላልኩም። አውጣው ነው ያልኩህ። ልየው።»

አባቴ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አነሣ። ተነሥቶ ወደ በረት ወጣ።

እናቴ ከበሩ ኋላ የአባቴን የበረዶ መጥረቢያ አነሣች። ሚስተር ዴንቢ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሊያግዛት ይሁን ሊሸሽ አላወቅኩም። ደረጃውን ስትወጣ፣ ከዚያ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ስትመታ ሰማን። የሳጥኑ ጓጉንቸር ሲረግፍ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማንኪያ ተንቀጠቀጠ።

ስትወርድ ክንዷ ላይ ያረጀ፣ በጭቃ የደረቀ የገመድ ጥቅል ነበር። በአጠገባችን አልፋ ግቢ ወጣች። ተከተልናት። ገመዱን ሣሩ ላይ ዘረገፈችውና በእጇ እየሳበች አንድ ነገር ፈለገች። አገኘችው። መሃሉ ላይ የተሰፋ ቀይ ክር።

ቀይ ክሩን የሰፋችው እሷ ናት። የተራራ ሰዎች የገመዳቸውን እኩሌታ በጨለማም በጭጋግም እንዲያውቁት ምልክት ያደርጉበታል። ቀይ የሆነው፣ ያኔ ለእኔ ካልሲ ስትሠራ የተረፋት ክር ቀይ ስለነበረ ነው። ይህን ለፕሮፌሰሩ ብነግራቸው ያዝኑ ይሆናል።

«ግሪትሊ፣ ቀዩን ክር ያዢ። እንዳትለቂው» አለችኝ።

ያዝኩት። ሁለቱን ጫፎች ወስዳ፣ ጎን ለጎን እየሳበች፣ ግቢውን አቋርጣ እስከ ውሃ ገንዳው ሄደች። ገመዱ ተወጠረ። አንደኛው ጫፍ ገንዳው ጋ ደረሰ። ሁለተኛው ሊደርስ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው አለቀ። እናቴ ያለቀውን ጫፍ ከፍ አድርጋ አየችው። በቢላዋ የተቆረጠ ነው፤ እንደ አይብ ልስልስ ያለ።

ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም። ቀይ ክር ይዤ መቆሜን ብቻ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። አባቴ ያለ ጎዲ ከተራራው ሲመለስ ድንጋይ ወድቆ ገመዱን በጠሰው ብሎ ነበር። ከጠርዙ ያወረዱት ሰዎች ግን ጫፉን አይተዋል፤ ድንጋይ እንደዚያ አይቆርጥም። ስለዚህ ክሪስተን ራሱን ለማዳን የሚስቱን ወንድም ቆርጦ ጣለው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከእሱ ጋር አልታሰረም። ነገር ግን አባቴ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ የሚቆርጠው እጁ ከሚደርስበት፣ ከራሱ አጠገብ ነበር፤ ለእሱ የሚተርፈውም ቁራጭ ብቻ ነበር። እዚህ ግን ገመዱ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የጎደለው ጎዲ ወገቡ ላይ ያሰረውና አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው።

በዚህ መሃል አባቴ ከበረቱ ጀርባ መጣ። ከእጁ አረንጓዴ እበት የሚያንጠባጥብ፣ ሰማይ ምድሩን የሚያገማ ገመድ ይዟል።

«ይህን እበት ውስጥ የከተተው ማን ነው?» እያለ ነበር የመጣው። ከዚያ ግቢው ላይ የተዘረጋውን ሌላውን ገመድ አየና ቆመ።

«ጎዲ ነው» አለች እናቴ። «ራሱ ነው የቆረጠው።»

አባቴ የገማውን ገመድ እንደያዘ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ከጠርዙ ሥር አየር ላይ ተንጠለጠለ» አለ ቀስ ብሎ። «መሳብ አልቻልኩም። እግሬ ይንሸራተታል፤ በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ሁለት ሰዓት ያዝኩት። ከዚያ ገመዱ ቀለለ።»

ሚስተር ዴንቢ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ቃል ሳይሳሳት ዝም አለ።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች እናቴ።

«ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ። ፓስተሩ በገዛ እጃቸው ስለሚሞቱ ሰዎች ምን እንደሚሰብኩ ታውቂያለሽ። በየእሑዱ የምትቀመጠው ከፊት ነው። እኔን ትጥላ፣ እችለዋለሁ። ልጇን በዚያ ዐይን ከምታየው…» ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አሁንም እንዳትነግሪያት። ማይልኝ።»

«እምላለሁ» አለች እናቴ። ከዚያ መጥታ ከነእበቱ አቀፈችው።

እኔ ቀይ ክሬን ለቅቄ እግሯ ሥር ሄድኩና አፌ ተከፈተ። «ገመዱን የጣልኩት እኔ ነኝ! ሚስተር ዴንቢ ዛሬ ሊገድልህ ነው! ሐሙስ እገድለዋለሁ ሲል ሰምቻለሁ! እማዬም ይሙት ብላለች!»

እናቴ መጀመሪያ ቀላች፤ ከዚያ እንባዋ ሳይደርቅ መሳቅ ጀመረች፤ ለሚስተር ዴንቢም በቀስታ፣ ቃል በቃል ነገረችው። ሲገባው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ ብቻ ነው ኮስተር ብሎ «የቱ ጠርዝ ላይ ነው የምትገድለኝ?» ብሎ የጠየቀው።

«ላይኛው ላይ» አለ ሚስተር ዴንቢ ዐይኑን እየጠረገ።

«ላይኛው አይሆንም። ድንጋዩ ይፈረካከሳል፤ አንተም አብረኸኝ ነው የምትወድቀው። መካከለኛው ይሻላል» አለና እሱም ሳቀ። ለካ አባቴ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ገመዱን በገንዳው ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብነው። ሽታው አልለቀቀም። ቅዳሜ በዚያው በሚገማው ገመድ ታስረው ወጡ፤ እኔና እናቴ በመነጽሩ እየተሻማን አየናቸው፤ ሁለት ነጥብ፣ በመሃላቸው የማይታይ ነገር። በማግስቱ ከሰዓት ተመለሱ። ሚስተር ዴንቢ ሁለቱም መዳፉ ተልጦ፣ አፍንጫው አብጦ፣ የበረቱን በር ደግፎ ቆመና «ጎበዝ ሴት ነሽ ክሪስተን» አለ። ፍሌኪ ክንዱን ላሰችው፤ ለመፍራት እንኳ አቅም አልነበረውም።

ከመሄዱ በፊት እናቴ ወጥ ቤት አስቀምጣው አንድ ነገር ለመነችው። በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«ካስፓር አይሙት። ከታች ያለው ሰውዬ ራሱ ይቁረጠው» አለችው።

«ወይዘሮ ሮዚ! ታሪኩ ይፈርሳል! ከሃዲው ካስፓር ነው። እሱ ንጹሕ ከሆነ ሰይጣን የሚሆነኝ ማነው?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ሚስተር ዴንቢ ግንባሩን አሸ። ጣሪያ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና፣ ከጉንጉኔ እስከ ጉልበቴ እያየ፣ ብዙ ጊዜ ቆየ። ደብተሩን አወጣ።

«የገመዱን ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብዬ አስምዬሽ» አለ አባቴ በኋላ፣ ነገሩን ሲሰማ።

«ለእናቴ አልነገርኩም። ለእንግሊዛዊ ነው የነገርኩት» አለችው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቆይቶ በኛ ቋንቋ የወጣው እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ሲሆን ነው። መንደሩ አበደ። ሁሉም ራሱን ፍለጋ ያነባል። ፖስተኛው የአሜሪካኖቹ የስለላ አለቃ እኔ ነኝ ብሎ ጢሙን አሳደገ። ዳቦ ጋጋሪው፣ በአምስተኛው ምዕራፍ በመርዝ የሚሞተው ወፍራም ሰው እሱ መሆኑን ሰምቶ ለሳምንት አኮረፈ። ስለ ካስፓር ግን ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። ብቻ አንድ ቀን የተራራ መሪዎቹ ሽማግሌ፣ አባቴ ወተት ሲያስረክብ አጠገቡ ቆሞ፣ «የኔ ገመድ አዲስ ነው፤ ስትፈልገው ውሰደው» ብሎት ሄደ።

አያቴ ኦቲሊ ዐይኗ ደክሞ ነበር። «አንብቢልኝ» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እቤቷ እየሄድኩ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ አነብላታለሁ፤ እሷ ባቄላ ትፈለፍላለች። የሃንጋሪዋን ሰላይ አልወደደቻትም። «ይቺ ልጅ አሳዳጊ አጥታለች» አለች። እኔ ገጹን ገለበጥኩ።

ካስፓር ጠርዙ ላይ ጓደኛውን ይዞ የሚንሸራተትበት ምዕራፍ ደረስን። ከታች ያለው ሰው ቢላዋውን ያወጣል። ጨርሼ ቀና ስል አያቴ ባቄላውን ትታዋለች።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ተነሣች። ኮፍያዋን አደረገች፣ በመስታወት አስተካከለች፣ ካፖርቷን ቆለፈች። «ነይ» አለችኝ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ያንን ዳገት አንዴም ሳታርፍ ወጣችው፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት።

አባቴ ደጃፉ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያያት መጥረቢያውን አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ደህና ዋሉ» አላት።

«መጽሐፉን አስነበብኩ» አለች። «ሰውየው ቢላዋ ያወጣል። ከዚያ ስለ ነፃነትና ስለ አገሩ አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል። ጎዲ እንደዚያ ተናግሯል?»

አባቴ ወደ መስኮቱ አየ። እናቴ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። ጭንቅላቷን አልነቀነቀችም፣ አልወዘወዘችም።

«አልተናገረም» አለ አባቴ።

«ምን አለ?»

«‹ብርድ ነው፤ አንተ ወደ ቤት ሂድ› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

አያቴ ዞራ ገደሉን አየችው።

«እሱ ነው» አለች። «ልጄ ነው። ወሬ አይወድም ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አሥራ ሁለት ዓመት ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ፓስተሩ…»

«ፓስተሩ የሚሉትን አውቃለሁ። ፓስተሩ እዚያ ተንጠልጥለው አያውቁም። አንተ ደደብ!»

«ልክ ነዎት» አለ አባቴ።

«እርስዎ አትበለኝ! አሁንም እርስዎ ይለኛል እንዴ? ልጄ አንቺ ነበር የሚለኝ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይግ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ያ ትልቅ ሰው፣ የበረቱን ምሰሶ ብቻውን የሚያነሣው፣ አንዲት ቃል አቅቶት ቀልቶ ቆመ። አያቴም ኮፍያዋን እንዳደረገች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችው፤ የምትቸኩልበት አልነበራትም።

ከዚያ አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቢ» አላት።